አሥራ ሁለት ለአምስት ሲካፈል

ልጄን ማካፈል ያስተማርኩበት እጄ በተቆረጠ ኖሮ! እንዲህ ስል የሰሙኝ ሁሉ «ተይ ዓመለወርቅ፣ ጥፋቱ የጣሊያን ነው እንጂ ያንቺ አይደለም» ይሉኛል። የጣሊያንን ጥፋት ማን አጣው? እሱን ፈጣሪ ይጠይቀው። እኔ የማወራው የራሴን ነው። እንደ ሌላው ሰው ልጅ እንጨት ለቅማ ውኃ ቀድታ ትደግ ብዬ ብተዋት ምን ነበረበት? አላስችል አለኝ። ያባቴ ልጅ ነኛ!

አባቴ መሪጌታ ነበሩ። ከጦሩ ጋር ከሰሜን ወርደው ሶዶ ላይ የቀሩ ሰው ናቸው። ባሕረ ሐሳብ ሲያወጡ ወረቀት አያባክኑም፤ የጉሎ ፍሬ በከረጢት ይዘው፣ መሬት ላይ እየደረደሩ፣ ፋሲካ መቼ እንደሚውል ይናገሩ ነበር። ወንድ ልጅ ስላልነበራቸው ከጎናቸው የምቀመጠው እኔ ነበርኩ። «አበቅቴና መጥቅዕ ተደምረው ሠላሳ ካልሞሉ ተሳስተሻል፣ መልሰሽ ቁጠሪ» ይሉኛል። መልሼ እቆጥራለሁ። አንዳንዴ ደግሞ ሆን ብለው የተሳሳተ ቁጥር ይነግሩኛል፣ እሺ ብዬ እቀበል እንደሆነ ሊያዩ። የተቀበልኩ ቀን በኩርኩም ነው። ሴት ልጅ አበቅቴ ብታወጣ ማን ይሰማታል? ግን ቁጥሩ እጄ ላይ ቀረ። ሲሞቱ ያወረሱኝም እሱንና የጉሎውን ከረጢት ነው።

የምነግራችሁ ነገር የሆነው በሠላሳ ዓመተ ምሕረት፣ በጥቅምት ነው። ጣሊያን ሶዶ ከገባ ዓመት አልሞላውም። ከተማው ስላስፈራን ወደ ገሱባ በሚወስደው መንገድ፣ የባሌ እናት ግቢ ወርደን ነበር። ቤቷ በእንሰት የተከበበ ስለሆነ ከመንገድ ሲያዩት ጣሪያው እንኳ አይታይም። እኔ፣ አማቴ እማማ ሽታዬ፣ ስምንት ዓመት የሞላት ልጄ ጽጌሬዳና የሦስት ዓመቱ ጦና ነበርን። አገር የሚያውቀን እኛን አራታችንን ነው። አምስተኛው ባሌ ጉልላት ነው፤ እሱ ሞቷል።

ሞቷል ያልኩት አገሩ ሞቷል ስላለ ነው። ማይጨው ዘምቶ ወሬው ሲጠፋ፣ አብረውት የሄዱትም «ወድቆ አየነው» ብለው ሲመለሱ፣ ዳስ ጥለን አለቀስን። እማማ ሽታዬ በወላይትኛ ሙሾ አወረደች። እኔ ፀጉሬን ተላጨሁ፣ ጥቁር ለበስኩ፣ ተዝካሩን አወጣሁ። ከዚያ በሐምሌ ዝናብ አንድ ማለዳ እንሰቱ ውስጥ ሰው እየተሳበ መጣ። እግሩ ከጉልበቱ በታች በጥይት ተበስቷል፣ ቁስሉ ሸቷል፣ ጠመንጃውን ግን እንደ ልጅ አቅፎታል። ከማይጨው ተርፎ፣ እዚሁ ደቡብ ሲዋጋ ከርሞ ነው። ጣሊያን ደግሞ ጠመንጃ ይዞ የተገኘ ይረሸናል ብሎ አዋጅ አስነግሯል። ምን እናድርግ? የሞተ ሰው አይፈለግም። ሞቶ ይቆይ አልን።

ጓሮ አሮጌ የቆጮ ጉድጓድ ነበረን። አስፍተን ቆፈርነው፣ የእንሰት ቅጠል አነጠፍንበት፣ ከላይ ርብራብ ሠርተን ቅጠልና አፈር አለበስነው። ቀን እዚያ ውስጥ ይውላል። እግሩ ሲጸና ኦሞን ተሻግሮ ጓደኞቹ ዘንድ ሊገባ ነው። ጥቅምት ሲገባ ያለ ምርኩዝ መቆም ጀመረ። «ሁለት ሳምንት ብቻ፣ ዓመሌ» አለኝ። ሁለት ሳምንት! ዘጠኝ ወር አርግዤ የወለድኩ ሰው ሁለት ሳምንት መጠበቅ ያቅተኛል እንዴ ብዬ አሰብኩ።

ጦና አባቱ መኖሩን አያውቅም፤ የሦስት ዓመት ልጅ አፍ ወንፊት ነው። ጽጌሬዳ ግን ታውቃለች። እሷን ጠዋት ማታ አጠናኋት። «አባትሽ የት ነው?» እላታለሁ። «ማይጨው ቀረ፣ ተዝካሩንም በልተናል» ትላለች፣ ዓይኗን ሳትሰብር። አፏ ላይ ምንም ስጋት አልነበረኝም። የሚያስጨንቀኝ ዓይኗ ነበር። ቀኑን ሙሉ ያቺን ጉድጓድ ስታይ ትውላለች። እንጨት ስትሰብርም ወደዚያ፣ ጦናን ስታዝልም ወደዚያ። መንገደኛ አንድ ቀን ዓይኗን ተከትሎ ቢሄድ አለቅን። ሶዶ ያስተማሯት የኔታ ጣሊያን ሲገባ ስለሸሹ ትምህርትም የላትም። ዓይኗንም እጇንም የሚይዝ ነገር መስጠት ነበረብኝ። የአባቴን ከረጢት አወጣሁት።

የሚገዛ ነገር የለም፣ ሁሉም ከጓሮ ነው። መደመሩን በቃጫ ገመድ አስተማርኳት፣ በየአሥሩ ቋጠሮ እየቋጠርን። መቀነሱን በተጠበሰ በቆሎ፣ የበላሽው ተቀነሰ ማለት ነው አልኳት፤ እሱን በአንድ ቀን ቻለችው፣ ሆዳም! መጻፊያችን የእንሰት ቅጠል ነው። በእሾህ ሲጭሩበት ትንሽ ቆይቶ ጠይም ሆኖ ይወጣል፤ ሲያልቅ ለላሟ ይሰጣል፣ ማስረጃ አይቀርም።

ማካፈሉ ላይ ግን ቆመች። «አሥራ አምስት ለሦስት» ስላት ጉሎውን ታየዋለች፣ ጉሎው ያያታል። እኔ ደግሞ ስሜ ነው እንጂ ዓመሌ ወርቅ አይደለም፤ እጮኻለሁ። እሷ ታለቅሳለች። እማማ ሽታዬ ከምድጃው ሆና ትቆጣኛለች፤ አማርኛዋ ሴትና ወንድ አይለይም። «አንተ ዓመለወርቅ፣ ልጅ በረሃብ ሊሞት አንተ ጉሎ ትቆጥራለህ?»

መላውን ያመጣችውም እሷው ናት። አንድ ቀን ቦይና፣ ጎደሬ ማለት ነው፣ ቀቅላ ከድስቱ ስታወጣ ጽጌሬዳን ጠራቻትና የእንሰት ቅጠል በቁራጭ በቁራጩ አስቀደደቻት። የመጀመሪያውን ቅጠል ለብቻው ወደ ቀኝ ፈቀቅ አደረገች። በዚያ ቤት ድርሻ ሲወጣ መጀመሪያ የሚወጣው ላልተገኘው ሰው ነው፤ ገበያ ለሄደ፣ እርሻ ለዋለ፣ መንገድ ለወጣ። ቅጠሉ ታጥፎ ይቀመጥለታል። «ያለ ሰው አፍ አለው» ትላለች እማማ። «የሌለውን ማን ይናገርለታል?»

ከዚያ ቀን በኋላ ገባት። ደጃፉ ላይ እንደ ገበጣ አምስት ጉድጓድ ማስኩላት፣ አንደኛው ፈቀቅ ያለ። «መጀመሪያ ሰው፣ ከዚያ እህል» አልኳት። «ሰው የዘለለ ሒሳብ ስርቆት ነው።» በዚህ አፌ! አባቴ ያደርጉኝ እንደነበረውም ሆን ብዬ የተሳሳተ መልስ እነግራታለሁ። «ሃያ ለአምስት፣ አምስት አምስት ነው አይደል?» ስላት መጀመሪያ ትደናገር ነበር። ኋላ ኋላ ፈገግ ብላ «እማዬ ተሳስተሻል፣ ሰው ዘልለሻል» ማለት ጀመረች። ያኔ ግንባሯን እስማታለሁ።

ቦይናውን፣ ቆሎውን፣ ጎመኑን ሳይቀር እያካፈለች ፈጀችን። እኔ ለጉልላት ቁስለኛ ነው ብዬ ጨመር ሳደርግለት «እኩል!» ብላ እጄን ትይዛለች። ድርሻውን ሳደርስለት ቁጥሩን ቅጠሉ ላይ በእሾህ ጽፋ ትልክለታለች። እሱም ከታች ሆኖ የነገውን ጥያቄ ጭሮ ይመልስላታል። «ሃያ አራት ለአምስት፤ ስንት ይተርፋል?» እያለ። አባትና ልጅ ሦስት ወር ሙሉ የተነጋገሩት በዚህ ብቻ ነው። ጠዋት ተነሥታ ፊቷን ሳትታጠብ ቅጠሉን ትጠይቀኛለች። ጉድጓዱንም ማየት ተወች። እኔ ሞኟ ጎበዝ ነኝ ብዬ ደረቴን ነፋሁ።

ሐሙስ ጠዋት መጡ። ውሻው ሲጮኽ ቀና አልኩ፤ አንድ ፈረንጅ በበቅሎ፣ ሦስት አስካሪዎች፣ የጣሊያን ጥቁር ወታደሮች፣ በእግር፣ ከፊታቸው ደገፉ። ደገፉን አውቀዋለሁ። አባቴ ዘንድ ሁለት ዓመት ተምሮ፣ አበቅቴው አልገባ ብሎት የጠፋ ነው። አሁን የጣሊያን አስተርጓሚ ሆኖ ጫማ አድርጓል። ጽጌሬዳ ደጃፉ ላይ ተቀምጣ በቆሎ እያካፈለች ነበር፣ አምስቱም ጉድጓድ ሞልቷል። ሳላስብ ተራመድኩና ፈቀቅ ባለው ጉድጓድ ላይ ቆምኩበት። በቆሎው በባዶ እግሬ ሥር ተሰማኝ። ለጦና ደግሞ አንድ ሙሉ ቦይና አፉ ውስጥ ወተፍኩበት፣ ይምጠጠው!

«እትዬ ዓመለወርቅ» አለ ደገፉ፣ «ዛሬም ከሐዘን አልወጣሽም?»

«እናንተ መች አስወጣችሁኝ?» አልኩት።

«ምላስሽ እንደ ድሮው ነው።» ሳቅ አለና ወደ ጽጌሬዳ ጎንበስ አለ። «አንቺ ቆንጆ፣ አባትሽ የት ነው?»

«ማይጨው ቀረ፣ ተዝካሩንም በልተናል» አለች ልጄ። ዓይኗን አልሰበረችም። ጮኼ ብስማት ደስ ባለኝ።

ቤቱን በረበሩት። መደቡን በሳንጃ ወጉት፣ ዱቄቱን ደፉት፣ ከላሟ ሥር ያለውን ጭድ በተኑት። ጓሮም ዞሩ። አንዱ አስካሪ የጉድጓዱን ክዳን ሊረግጥ ሁለት እርምጃ ሲቀረው ተመለሰ። እኔ ከቆምኩበት አልተነቃነቅሁም። እማማ ሽታዬ መቁጠሪያዋን ይዛ ከንፈሯን ታንቀሳቅሳለች። ፈረንጁ ከበቅሎው ላይ አንድ ነገር ጮኸ፣ እንሂድ ማለቱ ነው። እግዚአብሔር ይመስገን አልኩ በሆዴ። እውነቴን ነው፣ ብዬ ነበር።

ደገፉ ሊሄድ ዞሮ ከጽጌሬዳ አጠገብ ያለውን የጉሎ ከረጢት አየ። «የመሪጌታ ጉሎ!» አለ። ፊቱ እንደ ልጅ ሆነ። «ምን እየተማርሽ ነው?»

«ማካፈል» አለች ጽጌሬዳ።

«ማካፈል! እኔን በኩርኩም የፈጀኝ ነገር።» ከኪሱ የቆርቆሮ ሣጥን አወጣና ልጄ አይታው የማታውቀውን በወረቀት የተጠቀለለ ከረሜላ መዳፉ ላይ ዘረገፈ። «ጣፋጭ ነው። አሥራ ሁለት ነው። ለቤተሰቡ በሙሉ እኩል ካካፈልሽው ይኸው ያንቺ ነው።»

ተንኮል ይሁን የዋህነት እስከ ዛሬ አላውቅም። ቢገባኝ ኖሮ ቢያንስ በልኩ እረግመው ነበር።

አሥራ ሁለት ለአራት፣ ሦስት ሦስት ነው። ከአፌ አመለጠኝ። «ሦስት ሦስት ይደርሳል፣ በቃ! ስጪና ተነሽ» አልኳት። ድምፄ እንደ መቆጣት ሆነ።

ጽጌሬዳ ቀና ብላ አየችኝ። አየችኝና ፈገግ አለች። ያቺን ፈገግታ አውቃታለሁ፤ ያስተማርኳት እኔ ነኝ። እማዬ እየፈተነችኝ ነው ማለቷ ነው፣ በእንግዳ ፊት ጎበዝነቴን እንዳሳይ ነው ማለቷ ነው። አባቷን አፏ አይናገርም። አፏ ግን አሁን አልተጠየቀም፤ የተጠየቀው ሒሳቧ ነው። እሱን ደብቂ ብዬ መቼ አስተማርኳት? በጭንቅላቴ ምልክት እንዳልሰጣት ደገፉ ፊት ለፊቴ ነው። ወደፊት እንዳልራመድ እግሬ ሥር ያባቷ ድርሻ ያለበት ጉድጓድ ነው። በቆምኩበት ደርቄ ቀረሁ።

ከረሜላውን ተቀብላ ቅጠል ቀደደች። የመጀመሪያውን ፈቀቅ አድርጋ ወደ ቀኝ አስቀመጠች። አራቱን ደረደረች። አንድ፣ አንድ፣ አንድ እያለች ዞረች፤ ደግማ ዞረች። ፈቀቅ ያለውን ቅጠል በጥንቃቄ አጠፈችው። መዳፏ ላይ የቀረውን ለደገፉ አሳየችው።

«ሁለት ሁለት ደርሶ ሁለት ተረፈ» አለች። ወደኔ ዞራ ደግሞ «እማዬ ተሳስተሻል፣ ሰው ዘልለሻል።»

ደገፉ የታጠፈውን ቅጠል ያያል። እማማ ሽታዬ ናት የቀደመችው። «ለአባቱ ነው ልጄ፣ ለሞተው ነው፣ ልማድ ነው» አለች።

«እማማ፣ እኔም እዚሁ ነው ያደግሁት» አላት ቀስ ብሎ። «ለሞተ ሰው ዝክር ይዘከራል እንጂ ቅጠል አይታጠፍም።»

ዝም ማለት ይችል ነበር። ያባቴን እንጀራ በልቷል፣ ጉሏቸውን ቆጥሯል፣ ዞሮ መሄድ ይችል ነበር። ፈረንጁን በጣሊያንኛ ተጣራ እንጂ። አፉ ይዘጋ፣ ዘሩ አይውጣ!

አስካሪዎቹ ተመለሱ። አንዱ ጽጌሬዳን በክንዷ ጨምድዶ አነሣት፣ ሌላው ከምድጃው ጉማጅ እንጨት ከነእሳቱ አምጥቶ ከቤቱ ክዳን ሣር ሥር ቆመ። ደገፉ ወደ እንሰቱ ዞሮ ጮኸ፤ «አምስተኛው ይውጣ! ካልወጣ አራቱ ከነቤታቸው ይቃጠላሉ!»

አትውጣ አልኩ በልቤ። ደግሞ ውጣ አልኩ። ሁለቱንም ብያለሁ፣ አልዋሽም። ልጄንም በዚያች ቅጽበት ጠላኋት፣ የወለድኳትን! ይህንን ለንስሐ አባቴም አልተናገርኩም።

ጉልላት ወጣ። ጠመንጃውን ጉድጓዱ ውስጥ ትቶት፣ እጁን አንሥቶ፣ ያለ ምርኩዝ። በቀን ብርሃን ካየሁት ሦስት ወር ሆኖኝ ነበር፤ ፊቱ ገርጥቷል፣ ጺሙ ላይ አፈር አለ። «ልጄን ልቀቃት፣ አምስተኛው እኔ ነኝ» አለ። አስካሪው ለቀቃት። ጦና ቦይናውን ከአፉ አውጥቶ «ማነው?» አለ።

እጁን የኋሊት ሊያስሩት ሲሉ ደገፉን «አንዴ» አለው። ምን ነክቶት እንደሆነ እንጃ፣ ደገፉ እሺ አለ። ጉልላት ልጁ ፊት ቁጢጥ አለ። ያደረገችው ለእሷ ገና ያኔ ነው የገባት። የደረደረችውን ቅጠል አንድ ባንድ አየው።

«ልክ ነው ጽጌ» አላት። «ሁለት ሁለት። አልተሳሳትሽም። ሰው አልዘለልሽም።» የታጠፈውን ቅጠል ፈታና የእሱን ሁለት ከረሜላ ከተረፉት ሁለት ጋር መዳፏ ላይ አደረገላት። ከዚያ እንደ ሁልጊዜው ጥያቄ ሰጣት። «እነዚህን ደግሞ ለአራት አካፍዪ።»

አስረው ወሰዱት። ከግቢው በታች ያለውን ወንዝ ሳይሻገሩ ተኩሱን ሰማን። ስንት ጊዜ እንደተኮሱ አልነግራችሁም፤ ቆጥሬዋለሁ፣ ግን አልነግራችሁም። እማማ ሽታዬ ለሁለተኛ ጊዜ ሙሾ አወረደች። ጎረቤት ሁሉ ተሰብስቦ ግራ ገባው፤ አንዴ የተለቀሰለትን ሰው እንደገና ማልቀስ እንዴት ይጀመራል?

ወደ ቤት ስዞር ጽጌሬዳ ደጃፉ ላይ እንደተቀመጠች ናት። ለቅሶ የለ፣ ምን የለ። አባቷ ያዘዛትን እየሠራች ነው። በአራቱ ቅጠል ላይ አንድ አንድ ጨመረችበት። መዳፏን ገልብጣ አየችው፣ ባዶ ነው። እንደገና እያንዳንዱን ቅጠል በጣቷ ነካች።

«እማዬ» አለችኝ፣ «ሦስት ሦስት ደረሰ። ምንም አልተረፈም።»

እኔ ያልኩት ቁጥር ነበር። ዓይኗን ተክላብኝ ልክ ነው እንድላት ትጠብቃለች። ልክ ነው ብላት አምስተኛው ሰው ከሒሳቡ ሊወጣ ነው።

«ተሳስተሻል» አልኳት። «መልሰሽ ቁጠሪ።»

ቅጠሎቹን ሰብስባ ከረሜላውን መዳፏ ላይ መለሰችና ከአንድ ጀመረች።